ጉስኒታን ማን ያስረክብ?

ሰኞ፣ ኦገስት 7

ትምህርት ቤት ከተከፈተ ወዲህ ነጭ ሸሚዝ ስሰፋ ነው የምውለው። ልጆቹ ያድጋሉ፣ እጅጌው ያጥራል፣ እናቶቹ ይመጣሉ። "ማሊን፣ ለከርሞም እንዲሆነው ሰፋ አርገው።" እሺ እላለሁ። የስፌት መኪናዬ ዛሬ ሁለት መርፌ ሰበረችብኝ። ምን ላድርጋት? ሚስቴን ዩስማን ከማግባቴ በፊት ነው የገዛኋት። ሁለቱም አሁን አሁን ይነጫነጫሉ። (ይህን ዩስማ ብታየው የነገ ምሳዬ ቀረ።)

ከዐስር ሶላት በኋላ እንደ ልማዴ ወደ እኅቴ ወደ ዴስኒ ቤት። የተወለድኩበት ቤት ነው። ወንድ አግብቶ ይወጣል፣ ቤቱ ለሴቷ ይቀራል። ዛሬ የዴስኒ ነው፣ ነገ የልጇ የጉስኒታ። ግቢው ላይ ለሰፈሩ ጎረምሶች ሲለክ አስተማርኩ። የአያቶቻችን ትግል ለእኔ ጉልበት ማፍታቻ፣ ለእነሱ ሱሪ መቅደጃ ሆኗል። ሱሪውን የሚጠግነውም እኔው ነኝ።

እራት እዚያው በላሁ። ጉስኒታ ሩዙን በአንድ እጇ ነው ያቀረበችው። ሌላኛውን ከኋላዋ ደብቃለች።

"እጅሽ ምን ሆነ?"

"በር ቆነጠጠኝ፣ ማክ ዳንግ።"

(የእናት ወንድም ማክ ዳንግ ይባላል፣ የእኅቱ ልጆች ኃላፊ እሱ ነው።) አየሁት። አራቱም የጣቶቿ አንጓ ተልጧል። "በሩ አራት ጥርስ አለው?" አልኳት። ሳቀችና ወደ ጓዳ ሮጠች።

አባቷ ሱታን ባቱአ ጥግ ይዞ ይበላ ነበር። ሚኒባስ ነጂ ነው። ቀን ሙሉ በዚያ እንደ ዳክዬ በሚጮህ ክላክሱ ከተማውን ሲያደነቁር ይውልና ማታ ድምፅ የለውም። ምን ይናገር? ባል በሚስቱ ቤት እንግዳ ነው። እኔስ ዩስማ ቤት ምን ነኝ? እሱ እዚህ ዝም፣ እኔ እዚያ ዝም።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 8

በሩ ስም አለው። ፋጃር ይባላል። የክፍሏ ልጅ ነው።

ዴስኒ ሱቅ ድረስ መጥታ ነገረችኝ። አፍንጫውን በቡጢ ብላዋለች። ከዒድ በግ የባሰ ደም ነው አሉ… አይ፣ ዴስኒ ነገር ታጋንናለች። ምን አላት? ስትራመድ አይቶ፣ "እንደ ወንድ ነው የምትሄጂው። አደራ፣ ቤተሰቦችሽ እኔን ሊያጩልሽ እንዳይመጡ!" (እኛ ዘንድ የሚያጨው የሴቷ ቤተሰብ ነው።) ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም እዚህ ብቻዬን ሳቅኩ፣ ልጁ አፍ አለው። በኋላ ግን አፈርኩ። አሥራ አራት ዓመቷ ነው።

ስትማታ ሁለተኛዋ ነው። ሐሙስ ከቤተሰብ ኃላፊነት ያለው ሰው ይምጣ ብለዋል። ወንድሟ ኢልሃም አምና የሰው ጥርስ ሲሰብር ማንንም አልጠሩም። "ጎረምሳ ነው፣ ይበርድለታል" ተባለ፣ አለቀ።

ሐሙስ፣ ኦገስት 10

አልሄድኩም።

ጧት ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ ነበር። ከዚያ አሰብኩ… ጥሪው ከትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤት ደግሞ አባት ነው የሚያውቀው። እኔ ዘው ብዬ ብገባ ሱታን ባቱአን ከሰው ፊት ቀማሁት ማለት አይደለም? ልጅቷ አባት የላትም ያስብላል። ለእሱ ተውኩለት። በአክብሮት። ሸሚዜን ለብሼ ስፌት መኪናዬ ላይ ዋልኩ።

ከሰዓት ዴስኒ መጣች። ፊቷ እሳት ነው።

"ሄድክ?"

"ሱታን አልሄደም?"

"እሱማ 'የእኅት ልጅ ነገር የማክ ዳንግ ነው፣ እኔ ምን ቤት ነኝ' ብሎ ላንተ ትቶልህ! ትምህርት ቤቱ ጥግ ሚኒባሱን አቁሞ አንተ ስትገባ ለማየት ጠበቀ። ተሳፋሪው ሲጮህበት ሄደ።"

"አንቺስ?"

"ሁለት ወንድ እያለልኝ እኔ ልሂድ?"

ያ አላህ። እርስ በርስ ስንከባበር ልጅቷን ብቻዋን አስቀመጥናት። ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ወንበር ላይ ከጧት እስከ ቀትር ተቀምጣለች። በሩ በተከፈተ ቁጥር ብድግ። ጽዳቷ ስትገባ ብድግ። ሻይ ሲመጣ ብድግ። ከዚያ ተመልሳ ቁጭ።

ለሳምንት ታግዳለች። አንድ ጊዜ ከደገመች ከትምህርት ቤት ትሰናበታለች፣ ምሕረት የለም። እዚህ አካባቢ ሌላ ትምህርት ቤት የለም። የት ትማራለች?

ዓርብ፣ ኦገስት 11

ዛሬ "ማክ ዳንግ" አላለችኝም። ሰላምታም በአንገቷ ብቻ።

ሰኞ፣ ኦገስት 14

መምህርት ሬትኖ ሱቅ መጣች፣ የተማሪዎች አማካሪዋ። ከጃቫ ናት፣ ለወጋችን እንግዳ፣ ገና ልጅ እግር። ቀሚስ ላሳጥር ብላ። ቀሚሱ ግን የሚያጥር ነገር አልነበረውም።

"የጉስኒታ ቤት አባወራ ማነው?"

"ቤቱ የዴስኒ ነው፣ መምህርት።"

"አባትየውስ?"

"ማታ ማታ ይመጣል።"

"እርስዎስ?"

"እኔ ቀን ቀን።"

"ታዲያ የሚያዘው ማነው?"

"የማዘው እኔ ነኝ። ምን ብዬ እንደማዝ የምትነግረኝ ዴስኒ ናት።"

ሳቀች። ወዲያው ሳቋን ዋጠችው። "ወንድሟ ጥርስ ሲሰብር ማንም አልተጠራም ይላሉ። እውነት ነው?"

"ጎረምሳ ነዋ።"

"እሷስ?"

"እሷማ ሴት…" አልኩና ዓረፍተ ነገሩ አላልቅ አለኝ። መቀሱን አነሳሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩት።

"በየደረስኩበት 'ልጁ የሚማታው አባት ስለሌለው ነው' ይሉኛል፣" አለች። "ይቺ ልጅ ሁለት አባት አላት። ሐሙስ ዕለት ሁለቱም የት ነበሩ?"

በወግ ጠየቀች፣ በጨዋ አፍ። ምነው ብትሰድበኝ። የቀሚሱን ዋጋ አልተቀበልኳትም።

ሐሙስ፣ ኦገስት 17

የነፃነት በዓል። ጎረምሶቹ ጫፉ ላይ ሽልማት የተሰቀለበትን፣ ቅባት የተቀባ ግንድ ሊወጡ ይንሸራተታሉ፣ ሰፈሩ ይስቃል። ኢልሃም ግማሽ ደርሶ የሰው ራስ ላይ ወደቀ። ጉስኒታ ከሴቶቹ ጋር ቆማ ታያለች፣ እግሯ ግን ዝም ብሎ አይቆምም፣ ከልጆቹ ጋር አብሮ ይወጣል።

አጠገቧ ሄድኩ። ኬክ ሰጠኋት፣ አረንጓዴውን፣ የምትወደውን። ተቀበለች። ትንሽ ቆይታ፣

"ማክ ዳንግ፣ ልክ ነው?" ብላ ክንዷን አየር ላይ ሰነዘረችው።

ልክ ነው። ጎረምሶቼ ከሁለት ዓመት በኋላ እንኳ እንዲህ አይሰነዝሩም። "የት ተማርሽው?"

"በጓዳው መስኮት።"

"ከምቱ በፊት ያለውስ? እርምጃው? ገለል ማለቱ?"

"እሱን አላየሁትም። እናንተ እሱን ስትጀምሩ እኔ ዕቃ አጥባለሁ። አጥቤ ስጨርስ ምቱ ላይ ትደርሳላችሁ።"

ሲለክ ውስጥ ምት የመጨረሻው ነው። ከዚያ በፊት ስንት ወር መቆም አለ፣ መራመድ አለ፣ ገለል ማለት አለ። ይህን ሁሉ ሳታይ ጫፉን ብቻ ይዛ ሄዳለች። ሳህኑ የእሷም የወንድሟም ነበር። እሱ ግን ግቢ ውስጥ ነው፣ እሷ ጓዳ። ይህን ሁሉ ዓመት እዚያ ቆሜ ሳስተምር መስኮቱን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ?

"ላስተምርሽ?"

ኬኩን ሙሉውን ጎረሰችው። መልስ መሆኑ ነው።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 19

ለዴስኒ ነገርኳት። አገር ይያዝልኝ አለች።

"አንድ ሴት ልጅ ነው ያለችኝ! ዘር በሴት ነው የሚቆጠረው፤ እሷ የሆነ ነገር ብትሆን ዘራችን በማን ይቀጥላል፣ ባንተ? ገና መማታቱ መች ቀረላት? የቤቱ ምሰሶ ናት፤ ከጎረምሳ ጋር ጭቃ ላይ ትንከባለል?"

እኔ መልስ እያሰብኩ ሳለ ከጥግ ድምፅ መጣ። ሱታን ባቱአ። ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሳ፣

"ምሰሶ እኮ ከመቆሙ በፊት ጭቃ ውስጥ ነው የሚከርመው። እዚያ ተነክሮ ነው የሚጠነክረው።"

ሁላችንም ዞር ብለን አየነው። እሱም ማን እንደተናገረ የሚፈልግ ይመስል ዞር አለ። ኢልሃም ውሃ አነቀው።

ዴስኒ ድስቱን ከደነችና "እንግዲህ…" አለች። ዴስኒ "እንግዲህ" ካለች ተሸንፋለች።

እሑድ፣ ኦገስት 20

አሁን ሌላ ጣጣ። የሲለክ ተማሪ እንዲሁ አይገባም። የሚያስረክበው ሰው ያስፈልጋል፣ ነጭ ጨርቅ፣ አዲስ ቢላ፣ ሩዝና አውራ ዶሮ ይዞ። የሚያስረክበው ማክ ዳንጉ ነው። የእሷ ማክ ዳንግ ደግሞ እኔ። አስተማሪውም እኔ!

ዩስማን አማከርኳት። ከሳቋ የተነሳ ሽንኩርቱን ጣለችው። "በቀኝ እጅህ ስጥ፣ በግራህ ተቀበል። ዶሮውን ግን እኔ ነኝ የምበላው።"

"ቁም ነገር ነው የማወራሽ።"

"ልጅቷ አባት አላት አይደል?"

አላት። እንዴት አልታየኝም? እንደገና ሊያልፈኝ ነበር እኮ፣ ልክ እንደዚያን ሐሙስ።

ረቡዕ፣ ኦገስት 23

ለእኅት ባል "ይህን አድርግ" አይባልም፣ ነውር ነው። በጎን ነው የሚነገረው። ሚኒባሱ ላይ ወጣሁ፣ ጋቢና። ገበያ ደረስን፣ አልወረድኩም። ተመለስን፣ አልወረድኩም።

"ማክ ዳንግ፣ የት ነው የሚሄዱት?" አለኝ በመጨረሻ።

"አየሩ ደስ ብሎኝ ነው፣ ሱታን።" ትንሽ ቆይቼ፣ "ሱቄ ጥሩ ነጭ ጨርቅ ገብቷል።"

ዳክዬውን አስጮኸ። መንገዱ ላይ ማንም የለም።

"እኔ ለራሴ ልሰጠው አልችልም መቼም፣" አልኩ መስኮቱን እያየሁ።

ሌላ ኪሎ ሜትር ከነዳ በኋላ እንደ መጉረምረም ብሎ፣ "ስንት ክንድ ነው የሚያስፈልገው?"

ዓርብ፣ ኦገስት 25

ከጁምዓ መልስ ሱታን ሱቅ መጣ። ጨርቁን ነገ መልሶ ለእኔ ሊሰጠኝ ከእኔው ሊገዛ! በነፃ ይውሰዱ ስለው ተቆጣ። "ከእርስዎ ወስጄ ለእርስዎ? ልጄን እኔ ነኝ የማስረክበው ወይስ እርስዎ?" ልክ ነው። ሸጥኩለት። ይህን ካለ በኋላ ደግሞ ዋጋ ይቀንሱ ብሎ ግማሽ ሰዓት ተከራከረኝ።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 26

አስረከበ።

ግቢው ላይ ምንጣፍ አነጠፍን። ጎረምሶቹ ዙሪያውን፣ ዴስኒ መስኮቱ ላይ። ሱታን ኮፍያውን አጥልቆ፣ ከሠርጉ ቀን ወዲህ ያልለበሰውን ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ቁልፉ አልገጥም ብሎ ተጎትቷል። ጉስኒታ ከኋላው በወንድሟ ሰፊ ሱሪ፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራ።

ጨርቁን አቀረበ። ቢላውን አቀረበ። ዶሮውን ሊያቀርብ እጁን ፈታ አደረገ። ዶሮው ይህን አይቶ አመለጠ። ሱታን ኮፍያውን ይዞ ሩጫ፣ ኢልሃም ከኋላ፣ ዶሮው ዴስኒ ያሰጣችው ቃሪያ ላይ… ክብሩ ሁሉ እዚያ ቀረ ብዬ ነበር። ግን ዶሮውን ታቅፎ፣ ላብ በላብ ሆኖ ተመልሶ ቁጭ አለ። በስንት ዓመት ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ፣

"ማክ ዳንግ፣ ልጄን አስረክቤዎታለሁ። ብትሳሳት ያርሟት። ቢደክማት ይታገሷት። ብትጠራ ግን… ብትጠራ አብረን እንሄዳለን።"

ማንም አልሳቀም። ጉስኒታ ምንጣፉን ታያለች። አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። እኔም ዓይኔ ውስጥ የሆነ ነገር ገብቶ ነበር።

ዶሮውን ዩስማ በቃሪያ ሠራችው። ጣፈጠ።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 5

"ማክ ዳንግ፣ መቼ ነው የምመታው?"

"ቁሚ።"

"ቆሜያለሁ።"

"እንደገና ቁሚ።"

በእሷ ሰዓት ዕቃ የሚያጥበው ኢልሃም ሆኗል። የዴስኒ ትእዛዝ ነው። እስካሁን ሦስት ሳህን ሰብሯል። መስኮቱ ላይ ቆሞ አረፋ በአረፋ ሆኖ፣ "እርምጃዋ ተሳስቷል!" እያለ ይጮኻል። ለካ ከመስኮት ሁሉም አዋቂ ነው።

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 15

መስጊድ ደጃፍ ሁለት ሽማግሌ ያዙኝ። "ሴት ልጅ ታታግላለህ አሉ።" "አይ፣ ገለል ማለት ነው የማስተምራት" አልኳቸው። ደስ አላቸው፣ ከወንድ ገለል ማለት መስሏቸው። አላረምኳቸውም።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 28

ዛሬ እያለቀሰች መጣች። ከንዴት ነው። ፋጃር በሰው ፊት፣ "ያኔ ስትጠሪ ማን መጣልሽ? የሚመጣልሽ ሰው የለም፣" አላት። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። ልጁ ውሸት አልተናገረም፣ እሱ ነው ያቃጠለኝ።

"መታሽው?"

"አልመታሁትም። እጄ ግን አልታዘዝ ብሎኝ ነበር።"

ጫማዬን ለማጥለቅ ተነሣሁ። ወደ ልጁ ማክ ዳንግ ሄጄ ልነግረው። ያዘችኝ።

"ተዉት፣ ማክ ዳንግ። የሚመጣ ሰው ካለ ያኔ ይታያል።"

ያኔ? መቼ ነው ያኔ? አንድ ጊዜ እጇ ካልታዘዘላት እኮ አለቀ። ስትራመድ አየኋት፣ እርምጃዋ ከብዷል። ጎረምሶቼን ስንት ዓመት ሳስተምር እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። እወዳታለሁ፣ ይቺን ልጅ። ከራሴ ልጆች አስበልጬ ይሆን? አላህ ይቅር ይበለኝ። እነሱ የራሳቸው ማክ ዳንግ አላቸው።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 18

ተጠራች።

ስልኩ ሲመጣ ሸሚዝ መርፌ ሥር ነበር፣ እንደተወጋ ትቼው ተነሣሁ። ሱቁን ሳልዘጋ ደጅ ስወጣ ዳክዬው ሲጮህ ሰማሁ። ሱታን ነው፣ ዴስኒን ጋቢና አስቀምጦ፣ ተሳፋሪውን ሁሉ እንደጫነ! "ይግቡ!" አለኝ፣ በጎን መናገር የሚባል ነገር የለም።

"ሾፌር፣ በገበያ አይደለም እንዴ?" አለች አንዲት ቃሪያ የጫነች ሴትዮ።

"ልጄ ተጠርታለች።"

"ምን አጥፍታ?"

"አላውቅም።"

"ታዲያ ንዳ እንጂ! ምን ታየኛለህ?"

እየጮኸ ግቢው ውስጥ ገባ፣ እስከ ባንዲራው ሥር። ወረድን። ቢሮው በር ላይ እንደገና ያ አመላችን…

"ይቅደሙ፣ ማክ ዳንግ።"

"ኧረ እርስዎ ይቅደሙ፣ አባቷ እርስዎ ነዎት።"

"ኧረ በአላህ…"

ዴስኒ ከኋላ ሁለታችንንም ገፍታ አስገባችን። አንድ ላይ፣ ትከሻ ለትከሻ፣ በሩ እስኪጨንቀው።

ጉስኒታ ወንበሩ ላይ ናት። ፋጃር ሌላው ላይ፣ ሸሚዙ ከአንገት እስከ ወገብ ተቀዷል። ርዕሰ መምህሩ "ይኸው፣ ሦስተኛዋ…" ብሎ ጀመረ።

"የሆነውን እሱ ይንገረን፣" አለች መምህርት ሬትኖ።

ፋጃር ወለሉን አየ። ጉስኒታ የትምህርት ቤቱ ዓሣ ኩሬ ዳር ቆማ ነበር፣ እሱ ከኋላ ሊገፋት ተወረወረ። ጓደኞቹ እያዩት። እሷ ገለል አለች።

"ከዚያስ?"

"ከዚያ እኔ ወደ ኩሬው… ድንጋዩ ላይ በግንባሬ ልወርድ ነበር።" ወደ ጉስኒታ አየት አደረገ። "አልመታችኝም። ያዘችኝ።"

"ሸሚዙስ?"

"እሱ ነው የተያዘው።"

ርዕሰ መምህሩ አጉረመረመ፣ ወረቀት አገላበጠ፣ መጨረሻ ላይ ሂዱ አለን። ሱታን ከመውጣቱ በፊት ፋጃርን አየውና፣ "መጥተናል፣" አለው። ይኸው ብቻ። ልጁ እስከ ጆሮው ቀላ።

ደጅ ስንወጣ ተሳፋሪው በሙሉ ወርዶ ቆሟል። "ተባረረች?" አለች ባለ ቃሪያዋ። አልተባረረችም ስንላት ለጉስኒታ አንድ እፍኝ ቃሪያ ሰጠቻት።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 19

የፋጃርን ሸሚዝ ጠገንኩ። በድርብ ስፌት። እንግዲህ ቢያዝም አይቀደድም።

ከትምህርት ቤት መልስ ጉስኒታ ልትወስደው መጣች። "ማክ ዳንግ፣ ስፌቱ ያምራል፣ ለእሱ ይበዛበታል፣" አለች። ለምን ያዝሽው አልኳት፣ ብትለቂው ማንም አይፈርድብሽም ነበር።

"እርስዎ ገለል ማለት አስተማሩኝ እንጂ መልቀቅ መቼ አስተማሩኝ?"

ክር ፍለጋ አጎነበስኩ።

አንድ ነገር ግን ሌሊቱን ሲከነክነኝ አድሮ ነበር። በሩን ስንከፍት ብድግ አላለችም። ያን ጊዜ ለጽዳቷም ለሻዩም ስትነሣ የዋለች ልጅ፣ ትናንት እንደ ባለቤት ተቀምጣ ነው ያገኘናት። ለምን አልተነሣሽም አልኳት።

"ለምን እነሣለሁ? የአባዬን ክላክስ ሰምቼዋለሁ።" ሸሚዙን እያጠፈች፣ ቀና ሳትል፣ "ያኔም ሰምቼው ነበር። ጥግ ላይ ጮኸ፣ ከዚያ እየራቀ ሄደ። ትናንት እየቀረበ መጣ።"